ከአለነ የመጡት ሁለት ራውተሮች

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ደጁ ላይ ሲቆሙ፣ ይስማው ራውተሮቹን ሊያዩ የመጡ መሰለው። ታናሽ ወንድሙ አለነ ከጎንደር በአውቶቡስ ራውተር የሚባሉ ሁለት የኤሌክትሪክ እንጨት መቦርቦሪያዎች እንደ ላከለት ደባርቅ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። "ግቡ እንጂ" አለና እያነሣ ያሳያቸው ጀመር። ይኼኛው ጥልቀቱ አንዴ ከተለካ አይነቃነቅም፤ ከእንጨቱ ጠርዝ ገብቶ ቦይ እያወጣ ይሄዳል። ያኛው ሞላ አለው፤ ከላይ ሲጫኑት እንጨቱ መኻል ላይ ይወርዳል፣ ሲለቁት ይነሣል።

ጎረቤቱ ሽበሺ ጋቢውን አፉ ላይ ይዞ ሲሰማ ቆየና "ይስማው፣ አስቀምጠው" አለው። በዚያ ሰዓት ሰው ደጅ ላይ ለምን እንደሚሰበሰብ ይስማው ያኔ ገባው። አለነ ሆዴን አመመኝ ብሎ በተኛበት ቀርቷል። መንገዱ በፍተሻና በሰዓት እላፊ የተያዘ ነበርና መርዶው የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው።

ይስማው ከአባቱ ሞፈርና ቀንበር መጥረብ የተማረ፣ ኋላ በርና መስኮት ወደ መሥራት የዞረ ሰው ነው። ሥራ ቤቱ ከመኖሪያው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ቦዩን ሁሉ በመሮና በመዶሻ ሲቆፍር ኖሯል። አለነ ጎንደር የእንጨት ሥራ ማኅበር ገብቶ መሣሪያ ሲያይ፣ "የወንድሜን ወገብ ላሳርፍ" ብሎ ሁለቱን ከአንድ ነጋዴ በአደራ ወሰደ። የላከው ቃል "አንዱ ላንተ ነው፣ ሌላው ይመለሳል፤ የትኛው እንደሆነ ስመጣ አሳይሃለሁ" የሚል ነበር።

የነጋዴው ሰው ደግሞ የሚመለሰውን ሊወስድ በቅዳሜ አውቶቡስ ይመጣል። ከሐዘን ቤት የሥራ ድምፅ አይሰማምና መሣሪያውን አስነሥቶ መሞከር ነውር ነው። ይስማው ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ሁለቱ ብረቶች ብቻ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት። አለነ የትኛውን ነበር ያሰበለት?

ሐዘንተኛ ማጫወት ልማድ ነውና፣ ለቀስተኞቹ ራውተሮቹን አስመጥተው እንደ ገበያ ወይፈን እያገላበጡ ይመርጡለት ጀመር።

"ይኼ ሞላ ያለው ከበድ ይላል፤ እሱን ያዝ" አለ ሽበሺ፤ ኑሮው በቅሎ መጫን ነው። "ከባድ ነገር ይረጋል።"

"አንተ ደሞ ምን ከብዶህ ያውቃል፤ የሚከብደው በቅሎዋን" አለችው የይስማው ሚስት ደብሪቱ።

"እኔስ ፈራሁት" አሉ የደብሩ ካህን አለቃ ማዕረግ። "የሚነሣና የሚወድቅ ነገር እጅ ይበላል።"

"እርስዎስ አለቃ፣ በስግደቱ ሲነሡ ሲወድቁ አይደል የሚውሉ?" አለ ሽበሺ።

ይስማው ሁሉንም እሺ ይላል። ጠዋት የማይነቃነቀውን መረጠ፤ የመስኮት ቦይ ከጠርዝ ነው የሚወጣ። ረፋድ ላይ ሐሳቡን ለወጠ፤ የቁልፍ ቤት ደግሞ ከመኻል ነው የሚቦረቦር። ማታውን ሁለቱም ተምታቱበት።

ዓርብ ዕለት የአለነ ሚስት ሸጊቱ ከጎንደር መጣች። ለቅሶው ጋብ ሲል ይስማው ጠጋ ብሎ "እቴ ሸጊቱ፣ አለነ ለኔ ያለው የትኛውን ነው?" አላት።

"እሱስ መች አወቀው" አለች መሬት መሬቱን እያየች። "'የቱ ይሻለዋል?' እያለ እኔን ያደርቀኝ ነበር። እኔ ምን አውቄ፤ 'ሁለቱንም ላክለት፣ እሱው ይምረጥ' አልሁት። 'አሳይሃለሁ' ያለህ እንዲያው ለኩራቱ ነው።"

ይስማው ጋቢውን ተከናነበ።

በማግሥቱ የነጋዴው ሰው መጣ። ነገሩን ሲሰማ "እግዚአብሔር ያጥናችሁ፤ እስከ ተዝካሩ ይቆይ" ብሎ ተመለሰ። ተዝካሩም ወጣ። ራውተሮቹ ሁለቱም ሥራ ቤቱ ውስጥ አሉ፤ ይስማው እስካሁን አንዱን አልመረጠም፣ ሌላውንም አልመለሰም።