እኔ፣ የኦማኑ አውሎ ነፋስና የአዴ ድንቅቱ ስጥ

ከበበው እባላለሁ፤ አምቦ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ንጉሥ አልከሰስኩም፤ ሰማዩን ግን ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ሳርሰው ኖሬያለሁ። እስካሁን ያበቀለልኝ ነገር የለም።

ስለ ባሕር አውሎ ነፋስ ሳስተምር ብታዩኝ መርከብ ላይ ያደግኩ ይመስላችኋል። ባሕር የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቁ ውሃ የወንጪ ሐይቅ ነው፤ እሱንም በጀልባ ስሻገር ቀዛፊው እስኪያዝንልኝ ድረስ ቁርሴን መልሼዋለሁ። ክፍል ስገባ ግን ማን ይችለኛል! "ልጆች፣ አንድ የሳተላይት ፎቶ ብቻ አይታችሁ አውሎ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ እንዳትናገሩ። በር ላይ የቆመ ሰው ፎቶ፣ ሰውየው ይግባ ይውጣ አይነግራችሁም። ሁለት ፎቶ ያዙ፤ የፊተኛውንና የኋለኛውን። መሀሉ ላይ ያለችውን ክብ ቀዳዳ፣ ዓይኑን ፈልጉ። ዓይኑ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ? አለቀ!" እላለሁ። ይህ ትክክል ነው። ዛሬም ትክክል ነው።

ጎረቤቴ አዴ ድንቅቱ ይባላሉ፤ አዴ ማለት እትዬ እንደማለት ነው። እሳቸው እኔን "ባርሲሳ" ይሉኛል፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው። በርበሬም ሆነ ገብስ ሊያሰጡ ሲሉ አንገታቸውን በአጥሩ ላይ ብቅ አድርገው "ባርሲሳ፣ ዛሬ ይዘንባል?" ሳይሉኝ አያልፉም። እኔም ወደ ሰማይ ቀና ብዬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ፍርዴን እሰጣለሁ። አመስግነው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ግን ምክሬን ሰምተው ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። ጥያቄው ለሰላምታ ያህል ነው ብዬ ተውኩት።

ልጃቸው ዱሬቲ ተማሪዬ ነበረች። አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰች ኦማን ሄዳ ከባሕሩ አጠገብ ባለ ቤት ተቀጠረች። በ1999 ግንቦት መጨረሻ፣ አንድ ጠዋት በቤቴ ስልክ ደወለች።

"ቲቸር፣ ከባድ አውሎ ነፋስ መጣ እያሉ ነው። አሠሪዎቼ ተራራው ላይ ዘመድ ቤት ሊወጡ ነው። ማዳም ግን 'ካልፈራሽ ቆይተሽ ቤቱን ጠብቂ' አለችኝ። ከሄድኩ ትቀየመኛለች። እርስዎ አስተምረውን የለ፤ ወደ እኛ ነው የሚመጣው?"

በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ ተማሪ የሚጠይቀኝ "ፈተና ላይ ይወጣል?" ብቻ ነው። ደረቴ ተነፋ። "ምሳ ሰዓት ላይ ደውዪ፤ ቁርጡን እነግርሻለሁ" አልኳት።

ወደ ጋሮማ ኢንተርኔት ቤት ሮጥኩ። ያኔ አንዲት ፎቶ ተከፍታ እስክታልቅ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሮ መመለስ ይቻላል። እንደምንም የትናንቱን ሁለት ፎቶ አገኘሁና አሳተምኩ። ሁለቱም ላይ ጁን አምስት የሚል አለ። የአንዱ ሰዓት አሥራ አራት፣ የሌላው ሁለት ይላል። ታዲያ እኔ ሞኝ ነኝ እንዴ? የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ስለማውቅ ስድስት ስድስት ቀንሼ ወደ እኛ መለስኩት። አንዱ ከቀኑ ስምንት፣ ሌላው ከሌሊቱ ስምንት ሆነ። የቤቱን ባለቤት ጋሮማን ሳይቀር "አየህ፣ ያልተማረ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው" ብዬ አስተማርኩት።

ቀኑን አስቀድሜ ሌሊቱን አስከተልኩ። በቀኑ ፎቶ ላይ ዓይኑ ለኦማን ቀረብ ብሏል። በሌሊቱ ፎቶ ላይ ደግሞ መሀል ባሕር ገብቷል። በቃ፣ እየራቀ ነው!

ዱሬቲ ስትደውል አዴ ድንቅቱ አጠገቤ ቆመው ነበር። "እየራቀ ነው፤ አይዞሽ፣ እዚያው ቆዪ" አልኳት።

"እርግጠኛ ነዎት፣ ቲቸር?"

"ፎቶው እጄ ላይ ነው እኮ!"

ስልኩን ለአዴ ድንቅቱ ሰጥቼ፣ እናትና ልጅ ያውሩ ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ሲወጡ "ገለቶሚ ባርሲሳ፣ ተባረክ" ብለው አመስግነው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ያን ቀን ምሳዬን አስጨምሬ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጋሮማ ተመለስኩ። ለምን ቢሉ ጉራዬ አላለቀልኝማ! ለተማሪዎቼ የማሳየው ሦስተኛ ፎቶ ፈልጌ ነው። የዛሬ ጠዋቱ ተከፈተ። ዓይኑ ኦማን አፍንጫ ሥር ቆሟል።

"ራቀ አላሉም እንዴ?" አለ ጋሮማ።

ሦስቱን ደርድሬ አፈጠጥኩ። ያን ያህል የራቀ ነገር በአንድ ጀምበር እንዴት ይመለሳል? ያኔ ገባኝ። እኛ ቀን የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ሌሊቱ ቀኑን ተከትሎ ይመጣል። ፈረንጅ ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ ስለዚህ የእሱ ጁን አምስት ሌሊቱን ጨርሶ ነው ወደ ቀኑ የሚገባው። ሰዓቱን ቀየርኩ፣ ዕለቱን ረሳሁ። የኋላውን ፎቶ ፊት አድርጌ አውሎ ነፋሱን የኋሊት ነዳሁት። ልጅቷንም ውሃው ደጃፍ ላይ ቆዪ ብያታለሁ።

በባጃጅ ቤቴ ደርሼ ደወልኩ፤ መስመር የለም። ማታም የለም። ባለቤቴ ኤቢሴ "ሄደህ ለእናቷ ንገራቸው" አለችኝ። ሄድኩ፤ በራቸው ላይ ደርሼ ስኳር ተበድሬ ተመለስኩ። በማግስቱም ሄጄ ጨው ተበደርኩ። አዴ ድንቅቱ መዝሙር እያንጎራጎሩ በርበሬያቸውን ይለቅማሉ። ምስኪን፣ እኔን አምነው! "ባርሲሳ፣ ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?" ይሉኛል። የሰው ልጅ በአፌ ገደልኩ ብዬ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ።

"ቲቸር፣ ደህና ነኝ! ውሃው ቤቱን እስከ ጣሪያው ሞላው!"

"አንቺስ የት ነበርሽ?"

"ተራራው ላይ ነዋ። የዚያኑ ዕለት ወጣሁ።"

"ቆዪ ብዬሽ አልነበር?"

"እንትን..." አለች። መልሱን እያወቀች ለመናገር ያፈረች ተማሪ አነጋገር ነው፤ አውቀዋለሁ።

"እማዬ ናት ቲቸር። እርስዎ ሲወጡ 'ባርሲሳ ቆዪ ብሎሻል አይደል? በይ አሁኑኑ ውጪ' አለችኝ። እርስዎ አይዘንብም ያሉ ቀን እኮ እማዬ ስጥ አታወጣም። ሰፈሩም እንደዚያው ነው።"

ሰፈሩም! አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ! ተናደድኩ፣ ሳቅኩ፣ ደግሞ እንባዬ መጣ። ልጅቷ ተርፋለች። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ከሱ ቀጥሎ ማንን እንደማመሰግን ግን ግራ ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት አዴ ድንቅቱ ገብስ የሞላ ሰፌድ ይዘው እንደ ልማዳቸው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ባርሲሳ፣ ዛሬ ይዘንባል?"

"አላውቅም፣ አዴ ድንቅቱ" አልኳቸው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ፊታቸው ተለዋወጠ። ሰፌዱን አጥሩ ላይ አስደግፈው ሰማዩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያም ተቆጡኝ።

"እንዴ! አንተ ካልነገርከን፣ ታዲያ እኛ በምን እንወቅ?"