ዝቅ ያደረግሁት ድምፅ

አለቃችን የሬዲዮ ጣቢያችንን የሚመዝነው በሚኒባስ ታክሲ ነበር። ጋቢና ከሾፌሩ አጠገብ ይቀመጥና ከሜክሲኮ እስከ ሰበታ ይሄዳል። ሾፌሩ ጣቢያ ሲቀያይር ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። የሌላው ጣቢያ ድምፅ ከእኛ በልጦ ከተሰማ በማግስቱ ቢሮ የሚገባው ፊቱን አጥቁሮ ነው። «ሾፌር የሚቆመው የጮኸለት ጣቢያ ላይ ነው» ይለን ነበር። እውነቱን ነው፤ እኔም አብሬው ተሳፍሬ አይቻለሁ። እውነት መሆኑ ግን ያናድደኝ ነበር።

እኔ የጣቢያው ቴክኒሻን ነበርኩ። ስቱዲዮው አዲስ አበባ መሃል ነው፤ ማሰራጫው ግን ከሰበታ በላይ ባለው ተራራ ላይ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው ያለው። እዚያ ክፍል ፕሮሰሰር የሚባል ዕቃ ገዝተን አስገባን። ሲያዩት ከዲሽ ሪሲቨር ብዙም አይለይም። ሥራው ከስቱዲዮ የሚመጣውን ድምፅ አየር ላይ ከመውጣቱ በፊት ማስተካከል ነው፤ ያነሰውን ከፍ ያደርጋል፣ የበዛውን ይጫናል። በልክ ከሠሩበት ድምፁን ያጠራዋል። ከልክ ካለፉ ግን ሹክሹክታውም እልልታውም እኩል ይጮኻል፤ ጋዜጠኛዋ ትንፋሽ ስትስብ እንኳ ጆሮህ ሥር የቆመች ይመስልሃል። አለቃችን የሚወደው ይህን ከልክ ያለፈውን ነበር።

ባለቤቴ ግን አልወደደችውም። ያን ጊዜ የምንኖረው ቡራዩ ተከራይተን ነው። ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ የምትቀመጥ፣ በመብራትም በባትሪ ድንጋይም የምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ ነበረቻት። ዕቃው ሥራ በጀመረበት ቀን ቤት ስገባ «ምን አድርጋችኋቸው ነው? ሰዎቹ ሁሉ የተጣሉ ይመስላሉ» አለችኝ። ጆሮዋ ከመለኪያ መሣሪያዬ ይበልጥ ነበር፤ ይህን ለአለቃዬ ነግሬው አላውቅም። አንድ እሑድ ተራራው ላይ ወጥቼ ደወልኩላትና ሬዲዮዋን እንድትከፍት ነገርኳት። እኔ መዞሪያውን ቀስ እያልኩ እመልሳለሁ፣ እሷ ወጥ እያማሰለች ትፈርዳለች።

«አሁንም ይጮኻል... አሁን ደግሞ ታፈነ... ቆይ፣ ቆይ። እሱ ነው!» አለች።

ያን ልክ «ቤት» ብዬ ዕቃው ላይ አስቀመጥኩት። የአለቃችንን ልክ ደግሞ «ታክሲ» አልኩት። ቤት አየር ላይ የቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው። አለቃችን በማግስቱ ጠርቶ «ጣቢያችን ታመመ እንዴ?» ሲለኝ ወደ ታክሲ መለስኩት።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። ከተማዋ ወደ ዙሪያዋ ልትሰፋ ነው፣ ገበሬው መሬቱን ሊለቅ ነው ተባለ፤ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ተቃውሞ ተነሣ። ፕላኑ ቀርቷል ከተባለ በኋላ እንኳ ቁጣው አልበረደም። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ጧት ጧት ስወጣ አንድ ነገር ትለኛለች፦ «ሳትነግረኝ ካደርክ ፈልጌህ እመጣለሁ። ቁጭ ብዬ አልጠብቅም።» ቀልዷን አልነበረም። ልጅ ሳለች አባቷ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብሎ እንደወጣ ቀርቷል፤ እናቷ በር በሩን እያየች ነው ያረጀችው። ያለችውን እንደምታደርግ አውቅ ነበር።

ያን ቀን ሌሊቱን የወደቀው መብረቅ ማሰራጫውን ነክቶት ነበርና ሾፌራችን ተራራው ላይ አድርሶኝ «ለምሳ መጥቼ እወስድሃለሁ» ብሎ ተመለሰ። ብልሽቱ ቀላል ነበር፤ ቶሎ ጠገንኩት። እኩለ ቀን ላይ ከዓለም ገና በኩል ጥቁር ጭስ ተነሣ። ጎማ ነው፣ ይበርዳል አልኩ። ሁለተኛው ተነሣ፣ ሦስተኛው ተነሣ፤ ከዚያ ተኩስ ተሰማ። ስልኬን ሳወጣ ኔትወርክ የለም። ሾፌሩም ሳይመጣ ቀረ።

ተራራው ላይ ከእኔ ሌላ የነበሩት የጥበቃው ሽማግሌ ብቻ ናቸው። እዚያው ተራራ ግርጌ ተወልደው፣ እዚያው ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ቦርሳዬን አንግቼ ወደ በሩ ስሄድ ክንዴን ያዙኝ።

«ሂንዴሚን። አትሂድ» አሉኝ።

«አባባ፣ ባለቤቴ ብቻዋን ናት። በእግሬም ቢሆን ቡራዩ መድረስ አለብኝ።»

«ቡራዩስ ሰላም ነው ብለህ ነው? ታች ያለው ወጣቱም ወታደሩም ተቆጥቷል። ማን ነህ ብሎ ጊዜ የሚያጠፋብህ የለም።»

«አንቱስ አይፈሩም?»

«እኔ የምፈራው ለመሬቴ ነው። ይኼ ሁሉ ልጅ ለምን የወጣ መሰለህ? አንተ የተከራየሃት ቤትም ትናንት የሰው እርሻ ነበረች።»

አልተቆጡም፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ ሆነው ነው የተናገሩት። የአዲስ አበባ ኪራይ ያባረረኝ ሰው ነኝ፤ ማን ባረሰው መሬት ላይ እንደምተኛ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ቦርሳዬን አወረድኩ። ሽማግሌው በሶ በጥብጠው አጠጡኝ፤ የማሰራጫው ክፍል ውስጥ ካርቶን አንጥፌ አደርኩ።

እስር ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ያቺ ክፍል ግን በቂዬ ናት። በመስኮቷ ጭሱን አያለሁ። አጠገቤ ያለው ስፒከር የልደት መልካም ምኞት ያነባል፣ የፍቅር ዘፈን ይዘፍናል፣ ጥያቄ ለመለሰ ሰው ሽልማት ይሰጣል። ሁሉም በታክሲ ልክ፣ በጩኸት። ከተማን የሚያደነቁር ማሽን ላይ ተቀምጬ ለአንዲት ሴት ደህና ነኝ ማለት አቃተኝ። ድምፅ ከስቱዲዮ ወደ ተራራው ይመጣል እንጂ ተራራው የራሱ ማይክ የለውም። እውነቱን ለመናገር የጆሮ ማዳመጫዬን ማይክ ማድረግ የሚያቅተኝ ሰው አልነበርኩም። ግን በዚያ ሰሞን ያልተፈቀደለትን ቃል አየር ላይ ያወጣ ሰው ከተራራው የሚወርደው በወታደር መኪና ነው። ፈራሁ። ይህን አልደብቅም።

በሁለተኛው ቀን ጧት ወጣቶች አጥሩ ድረስ መጡ። እኔ ከማሽኖቹ ጀርባ ተቀመጥኩ። ኦሮምኛዬ ግማሽ ነው፤ ግማሹም በቃኝ። ሰው እየሞተ ይህ ሬዲዮ ይዘፍናል፣ ለምን አይዘጋም ነው የሚሉት። እኔም በልቤ ያልኩትን ነው ያሉት፤ ግን እኔ ውስጥ ነኝ፣ እነሱ ውጭ ናቸው። ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ለረጅም ጊዜ አነጋገሯቸው። በመጨረሻ ኮቴያቸው ቁልቁል ሲሄድ ሰማሁ።

«ምን አሏቸው?» አልኳቸው።

«ውስጥ ማሽን አለ፣ ልጄም አለ አልኩ» አሉኝ።

ከዚህ ዛሬም እንደማልወርድ ያን ጊዜ ገባኝ። እሷ ደግሞ አንድ ሌሊት ጠብቃለች፤ ዛሬ ትወጣለች። ያንን ሆድ ይዛ፣ ድንጋይ በሚወረወርበት መንገድ፣ እኔን ፍለጋ።

ዐይኔ ፕሮሰሰሩ ላይ አረፈ። ከታክሲ ወደ ቤት መለስኩት። ስፒከሩ ወዲያው ዝቅ አለ፤ ዘፋኙ ከጩኸቱ ወርዶ ሰው ሆነ። ይህን ልክ የምታውቅ በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ድምፁ ሲለወጥ ማን እንደነካው ታውቃለች፤ እጁ ዕቃው ላይ ካለ ደህና ነው ትላለች፣ ትቀመጣለች። እንዲህ አሰብኩ፤ በራሴም ኮራሁ።

ጥቂት ቆይቶ ጋዜጠኛዋ በሁለት ዘፈን መሃል ሣቅ ብላ «ተራራ ላይ ያለኸው ወንድማችን፣ ድምፃችን ወርዷል እየተባለ ነው፤ እባክህ ከፍ አድርግልን» አለች። አለቃችን ከኋላዋ ቆሞ እንዳስነገራት አልተጠራጠርኩም። ሊያስቆጣኝ ሲገባ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ተራራ ላይ እንዳለሁ በገዛ ጣቢያዬ ተነገረልኝ እኮ! ከሰዓት በኋላ ደግማ አለችኝ፤ አሁን ሣቋ ቀርቷል። እንዳልሰማ ሆንኩ።

«ሬዲዮው ምን ያናግርሃል?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ለባለቤቴ መልእክት እያደረሰልኝ ነው።»

«እንግዲያው እሷም ትቀመጣለች፤ አንተም ተቀመጥ» አሉ።

ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ቀን እንደ ሁለተኛው አለፈ፤ ያው ጭስ፣ ያው በሶ፣ ያቺው ጋዜጠኛ ስትለምነኝ። እኔ ግን ልቤ ረግቶ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጧት ተኩሱ ጸጥ ሲል ሽማግሌው እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙኝ። ደጃፌ እስክደርስ እንዳትወጣብኝ ብዬ ፕሮሰሰሩን ቤት ላይ ትቼው ነው የወጣሁት። ዓለም ገና ድረስ በእግሬ፣ የተቃጠለ አውቶቡስ እየዞርኩ ሄድኩ። ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አዘነልኝ። ቡራዩ ሰፈራችን ስገባ መብራት የለም። ጎረቤት ስጠይቅ እኔ ከወጣሁበት ቀን ጀምሮ እንዳልነበረ ነገረኝ። እንደ እኔ የማሰራጫው ጄኔሬተር አጠገብ የተቀመጠ ሰው የሌላው ቤት መጨለሙ ትዝ አይለውም፤ እኔም አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም።

በሩ ገርበብ ብሏል። ባለቤቴ ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። መስኮቱ ላይ ደግሞ ፀሐይ በሚመታው በኩል አራት የባትሪ ድንጋዮች ተደርድረዋል። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲውል ትንሽ ይበረታል ብለን ሁላችንም የምናደርገው ነው። ሬዲዮዋ አጠገባቸው ባዶዋን ተቀምጣለች።

ተነሥታ ደረቴን በሁለት እጇ መታችኝ። ከዚያ እንደያዘችኝ ቀረች።

«ሁለት ጊዜ ወጣሁ» አለችኝ። «መጀመሪያ ወታደሮቹ መለሱኝ። ትናንት ደግሞ ድንጋይ ሲወረወር መሃሉ ገባሁ፤ የማዕዘኑ ሱቅ ባለቤት፣ ሙስሊሟ እናት፣ ጎትተው አስገብተው በሩን ዘጉብኝ። አሁን ሦስተኛዬን ልወጣ ነበር።»

«ሬዲዮውስ?»

«ድንጋዩ አለቀብኝ። ትናንት ወዲያ ጧት ድምፁ በአንድ ጊዜ ደከመ። ሱቁ ሁሉ ዝግ፣ የማዕዘኑም ድንጋይ ጨርሷል፤ ከየት ልግዛ? ለዜና እንኳ ይቆየኝ ብዬ አጠፋሁት። ፀሐይ ላይ አውዬ ትናንት ሞከርኳቸው፤ ያው ናቸው፣ አልበረቱም።»

«አልደከሙም» አልኳት። «ዝቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ቤት ላይ አደረግሁት። ደህና መሆኔን እንድታውቂ ብዬ።»

ድንጋዮቹን ከመስኮቱ አንድ በአንድ አንሥታ ሬዲዮዋ ውስጥ ከተተችና ከፈተችው። ዘፈን ነበር። እንደዚያ እሑድ አንገቷን ሰበር አድርጋ አዳመጠች።

«እሱ ነው» አለች።

ከዚያ «ሁለት ቀን ሙሉ እዚሁ ነበርክ። እኔ ነኝ ያጠፋሁህ» ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ማልቀስ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

ልጃችን በወሯ በደህና ተወለደች። እኔ ግን መንገዱ እንደተከፈተ ተራራው ላይ ወጥቼ ፕሮሰሰሩን ወደ ታክሲ መለስኩትና ቤትን ከዕቃው ላይ ሰረዝኩት። መንገዱ ዳግመኛ ቢዘጋብኝ ደክሞ የሚሰማ ድምፅ አልፈልግም ነበር። አለቃችን ያን ቀን በሚኒባስ እስከ ሰበታ ሄዶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር።