«ለቀቃት» የተባለልኝ ጠዋት

ነገሩ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ ደባርቅ ላይ ጤና ረዳት ሆኜ ስሠራ። እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁትም። ባለፈው እሑድ ጸሎት ቤታችን ውስጥ አንዲት ወጣት «እማማ፣ እርስዎ በልሳን መጸለይ የጀመሩት መቼ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ሁሉም ተመልሶ መጣብኝ። ከጀመርኩበት ቀን ይልቅ የማልረሳው ሌላ ቀን አለ።

ያደግሁት ናዝሬት፣ ከጴንጤ ቤተሰብ ነው። ያኔ ጴንጤነት የሚያሳስር ነገር ስለነበር ደባርቅ ስመደብ አባቴ ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቆ ላከኝ። በከተማው የእኔን እምነት የሚጋራ አንድም ሰው አላውቅም ነበር። ቢኖርም እንደ እኔው ተደብቋል። ለቤተሰብ ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ ስለ ብርዱ ብቻ ነበር የምጽፈው። የደባርቅ ብርድ ደግሞ ቢጽፉት ቢጽፉት አያልቅም።

የተጠጋሁት እማማ ይርገዱ ግቢ ነው። ባላቸው ሞተውባቸው፣ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነውባቸው ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው። እሑድ እሑድ እሳቸው ቅዳሴ ሲሄዱ ግቢው ጭር ይላል። ያን ጊዜ በሬን ዘግቼ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ በልሳን እጸልያለሁ። ሳምንቱን ሙሉ በሽተኛን «የት ጋ ነው ያመመዎት?» ከማለት በቀር ከሰው ጋር ብዙም ስለማላወራ እሑድን የምጠብቃት እንደ ዓመት በዓል ነበር።

ለካ የአጥር ጎረቤት ይሰማኛል። አንድ ሰኞ ከሥራ ስመለስ የቀበሌው ካድሬ ከአንድ ታጣቂ ጋር ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቀኝ። ክፍሌን በርብረው ጨርሰዋል። በማይታወቅ ቋንቋ ከሰው ጋር ትነጋገራለች፣ የመገናኛ ሬዲዮ ሳትደብቅ አትቀርም ተብሎ ተጠቁሟል። በዛሪማ በኩል ወንበዴ መጣ እየተባለ በሚወራበት ሰሞን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ካድሬው ከማን ጋር እንደምነጋገር ጠየቀኝ። ከእግዚአብሔር ጋር ነው ብል ጴንጤነቴ ይወጣል፤ ዝም ብል ሰላይ መሆኔ ነው።

እማማ ይርገዱ ከቤታቸው ወጥተው በመካከላችን ገቡ።

«ምን ሬዲዮ አላት? ታማ ነው እንጂ» አሉት። «መንፈስ ነው የሚያስለፈልፋት። አንድ ቀን ከቅዳሴ ቀድሜ ስመለስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለሰው እንዳይወራባት ብዬ ነው ዝም ያልኩ። ማርያምን፣ ነገ ጠበል አስጀምራታለሁ።»

ካድሬው ሳቀ። ለእሱ መንፈሱም፣ ጠበሉም፣ ጸሎቱም ያው የኋላ ቀር ነገር ነው። ቢሆንም ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ሰባት ቀን ትጠመቅና እናያለን ብሎ ሄደ። በሕይወቴ ከምንም በላይ የምወደው ነገር ጋኔን ሲባል አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ።

ጠበሉ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ገደል ሥር ነው። ሲነጋጋ እንወርዳለን። ቄሱ ውኃውን እያፈሰሱ ማን እንደሆነ፣ ስሙን እንዲናገር መንፈሱን ያዙታል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ዝም እላለሁ። አራት ቀን እንዲሁ አለፈ። ቄሱም ይህስ ድዳ መንፈስ ነው አሉ። እማማ ይርገዱ በዚያ ዕድሜያቸው በየቀኑ አብረውኝ ይወርዳሉ፤ ጋቢያቸውን በክንዳቸው ይዘው ዳር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ዳገቱን ስንመለስ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አሳፈሩኝም፣ አናደዱኝም።

በአምስተኛው ቀን ከመካነ ብርሃን በቃሬዛ የመጣች አንዲት ሴት ከፊቴ ተጠመቀች። ውኃው ሲነካት እሪ አለች፣ ተንፈራገጠች፣ ያልተናገረችው ነገር የለም። ማንም ዝም በይ አላላትም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ በዚያ አገር አፌን ሞልቼ ልጮህ የምችልበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

ተራዬ ሲደርስ በዚያ እንደ በረዶ በሚቆራርጥ ውኃ ሥር አፌን ከፈትኩ። አባቴን እያሰብኩ፣ የተዘጋብንን ጸሎት ቤት እያሰብኩ በልሳን ጸለይኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም። ሕዝቡ ለፈለፈ፣ ለፈለፈ እያለ እልል ይላል። ቄሱ በመስቀላቸው ትከሻዬን እየነኩ መንፈሱን ውጣ ይሉታል፤ እኔ ጌታዬን ና እለዋለሁ።

ስጨርስ እማማ ይርገዱ ደግፈው በጋቢያቸው ጠቀለሉኝ።

«ለቀቃት» ይላሉ እያለቀሱ። «እመቤቴ፣ ስምሽ ይባረክ፤ ለቀቃት።»

እኔም አለቀስኩ። ሁለታችንም ደስ ብሎናል፤ ግን የእሳቸው ደስታ ሌላ፣ የእኔ ሌላ። እንደዚያ ጠዋት ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሰባቱን ቀን ጨረስኩ፤ ካድሬውም ነገሩን ተወው። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ በልቤ ብቻ ነበር የምጸልየው። በዓመቱ ዝውውር ሲደርሰኝ እማማ ይርገዱ አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝ። ያ ጋኔን እንዳልነበረ፣ ጸሎቴ እንደሆነ ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። እጄን ይዘው ቀደሙኝ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ሰው አገር ነሽ። ተመልሶ የመጣብሽ እንደሁ አትደብቂኝ። ነይ፤ አብሬሽ እወርዳለሁ።»

እሺ እማማ አልኳቸው። አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ዛሬ አዳራሻችን ውስጥ ሰው ሁሉ በማይክራፎን ታጅቦ በልሳን ይጸልያል፤ ከልካይ የለም። ጠበል ገብቼ ነበር ብል የእኛዎቹ ይደነግጣሉ። ያ ጋኔን አልነበረም ብል ደግሞ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼ ያዝኑብኛል። እንዲህ እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ዝም አልኩ። ልጅቷም መልስ ሳታገኝ ሄደች። እኔም እንደ ሌላው ሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ እጸልያለሁ። ስጨርስ ግን ዞር ብዬ ወደ በሩ አያለሁ። ጋቢ ይዞ የሚጠብቀኝ ሰው የለም።