በግራ እጅ የተደገፈ ክንድ

ፊዚዮቴራፒ በምማርበት ዓመት የክንድ ጡንቻዎች ፈተና ደረሰብኝ። እያንዳንዱ ጡንቻ ከየትኛው አጥንት ተነስቶ የትኛው ላይ እንደሚያያዝ፣ የትኛው ነርቭ እንደሚያዘው ማወቅ ግድ ነው። እኔ ደግሞ ሥዕል አይገባኝም፤ ሰው መንካት አለብኝ። እናቴ "ኮረኮርሽኝ" ብላ አባረረችኝ። እናም አሚሻቭ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ አባቴን ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸው።

አባቴ ኪርያት አርዬ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ባለ መጋዘን ካርቶን ሲያነሱና ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚያ ሰሞን ትሕትናቸው በዝቶ ነበር። ሲጨባበጡም ሆነ ዕቃ ሲያቀብሉ ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ይደግፋሉ። ለታላቅ ሰው እንዲህ ማድረግ ወጋችን ነው፤ እሳቸው ግን ለጎረቤት ሕፃን ከረሜላ ሲሰጡ እንኳ ይደግፉ ጀመር። እናቴ "ሲሸመግል ጨዋነት ባሰበት" እያለች ታሾፍባቸዋለች። እኔ እንዲያውም ኮርቼባቸው ነበር።

"በሉ አባባ፣ ቀኝ ክንድዎን ወደ ጎን ያንሱ። እኔ ስጫን እርስዎ እንቢ ይበሉ።"

ይህን የሚሠራው ከትከሻ ተነስቶ የላይኛው ክንድ አጥንት መሃል ላይ የሚያያዘው ጡንቻ ነው። በሁለት ጣት ብጫነው ክንዳቸው ወረደ።

"ያላ አባባ፣ በሉ እንጂ፣ አይቀልዱ!"

አልሳቁም። ክርናቸውን እንዲያጥፉ ጠየቅኋቸው፤ እሱም ለቀቀ። ሁለቱን ጡንቻዎች የሚያዙት ነርቮች የተለያዩ ናቸው፤ የሚነሱበት ሥር ግን አንድ ነው፣ አንገት ላይ። ያን ጊዜ ፈራሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ተይው ልጄ፣ በሰደር ነው፣ ደህና ነኝ። አለቃዬ ከሰማ ከሥራ ያስወጣኛል።"

"ነርቩ ከሞተ እኮ ክንድዎ አይመለስም!"

"እናትሽ እንኳ አላወቀችም" አሉ፣ ኩራት ቢጤ እየታየባቸው። በጣም ተናደድኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ያከበሩን መስሎን፣ ለካ ክንዳቸውን ተሸክመው ኖሯል።

በማግስቱ በዕብራይስጥ ኩፓት ሆሊም ወደሚሉት የጤና መድን ክሊኒክ፣ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። አንገታቸው ላይ የተንሸራተተ ዲስክ የነርቩን ሥር ተጭኖት ተገኘ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ክንዱ ስለ መመለሱ ግን ማንም ቃል አልሰጠንም። የመጋዘኑ ሥራ ቀረ። ክረምቱን ሙሉ እየተነጫነጩብኝ፣ እኔም መልሼ እየተቆጣሁ፣ ክንዳቸውን አሠራሁት።

አንድ ሰንበት ምሳ ላይ ውሃ ፈለግሁ። ጠርሙሱ እሳቸው ጋ ነበር፣ ሙሉ። አባቴ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንዳለ፣ በአንድ እጅ አንስተው ለልጅ እንደሚሰጥ ዘረጉልኝ።

ቀኝ ክንዴን በግራ እጄ ደግፌ ተቀበልኳቸው።