ዶርዜ ላይ ቤት ስንሸከም

ዶርዜ ውስጥ ሰው ቦታ ሲቀይር ከቀርከሃ የተሠራ ቤቱን አያፈርስም፤ ጎረቤት ተጠርቶ ከነጣሪያው ይሸከምለታል። እኔም የጓደኛዬን አባት ላግዝ ከአርባ ምንጭ ወጥቼ፣ ከሰዎቹ ጋር ቤቱ ውስጥ ገባሁና አግዳሚውን እንጨት በሁለት እጄ አንስቼ መራመድ ጀመርኩ።

መንገድ ላይ አጠገቤ የነበሩት የጓደኛዬ አባት፣ «የአያቴ አባት የሞቱት እንዲህ ቤት ሲሸከሙ ነው» አሉኝ።

«እንዴት አባባ?»

«ጣሪያው ውስጥ የነበረው ንብ ተነሳ። ሰው ሁሉ ለቆ ሲሮጥ ቤቱ እሳቸው ላይ ወደቀ።»

ክው አልኩ። «ንቡስ የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል ልጄ? የቤተሰብ ንብ እኮ ነው» ብለው በአገጫቸው ወደ ጣሪያው አሳዩኝ። «አንተ ብቻ እንዳትለቅ።»

ያኔ አንገቴ ላይ አንድ ነገር መሄድ ጀመረ።