ባና ውስጥ የተቀዳው ሠርግ

ሰው የሰጠኝን ቅጂ አላምንም። መጀመሪያ የማዳምጠው ዘፈኑን ሳይሆን ጭብጨባውን ነው። ሠርግ ቤት የሚያጨበጭብ ሰው ይፈጥናል፣ ይዘገያል እንጂ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይደናቀፍም። ከተደናቀፈ እዚያ ቦታ ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ስንቱን አጋልጫለሁ! ዘመሮ ገበያ ላይ የአዝማሪ ቅጂ በሚሞሪ የምንለዋወጥ ጥቂት ሰዎች ነን፤ አንዱ ቅጂዬን ቢያመሰግን እንኳ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ።

አንድ የገበያ ቀን የራቤሉ ልብስ ሰፊ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ፎቶው አለን፤ ድምፁ ግን ቤታችን የለም። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፣ ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ኖሬያለሁና።

«የእህትህ ሠርግ ላይ አዝማሪው ሲጫወት ቀድቼ ነበር» አሉኝ። «አባትህ ግጥም ሲሰጡት ይሰማል።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ጠረጠርኩ። ያንን ሠርግ እኔው ራሴ አዝማሪው ፊት ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልኬ ቀድቼዋለሁ። አገር የሚቀባበለው የእኔን ቅጂ ነው፤ ጥራቱን የሚያማ የለም። አባቴ ደግሞ እዚያ ውስጥ የለም። በዚያ ላይ ሰውዬው በምላሹ የጠየቁኝ ቀየት ድረስ ሄጄ የቀዳኋቸውን የአንድ ሽማግሌ መሰንቆ ነው። ሽማግሌው ሞተዋል፣ ቅጂው ከእኔ በቀር ማንም ዘንድ አይገኝም። ኀዘኔን አይተው ሊያታልሉኝ ነው አልኩ በልቤ።

ማዳመጫውን ሰካሁ። ድምፁ የታፈነ ነው። መሰንቆው ከግድግዳ ጀርባ ያለ ይመስላል፣ አንድ ነገር ደግሞ በየመሃሉ ኮሽ ኮሽ ይላል።

«ምን ውስጥ አድርገው ነው የቀዱት?»

«የደረብኩት ባና ውስጥ። ብርዱን ታውቀዋለህ፤ ደግሞ ሽማግሌ ስልክ ደቅኖ እንዳይሉኝ አፍሬ ደበቅሁት።»

መልሱ ቶሎ መምጣቱ ራሱ አልጣመኝም። የሱፍ ልብስ ኮሽታ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊጨምረው ይችላል። ማዳመጤን ቀጠልኩ። አዝማሪው የያዘውን ስንኝ ሲጨርስ አንድ የጎረነነ ድምፅ «ተቀበል!» አለ፤ ሳል ቢጤ አቋረጠውና ግጥሙን ሰጠ፦

ድግሱን ደግሼ ሰው ስጠራበት፣
ልጄ ቆሞ ቀረ ስልክ ደቅኖበት።

አዝማሪው ተቀብሎ ደገመው፣ ሰዉ በሳቅ አውካካ። ማዳመጫውን ከጆሮዬ መነጨቅሁት። ድምፁ አባቴን ይመስላል፤ ያናደደኝም መምሰሉ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ የተቀጣጠለ ነው» አልኳቸው ሰው እየሰማ። «የእኔ ቅጂ ላይ የለም።»

«እኔ የምቀጣጥለው ጨርቅ ነው» አሉና ተነሡ። አልተቆጡም። «ሚሞሪው አንተ ዘንድ ይቆይ። ቤትህ ገብተህ እስከ መጨረሻው ስማውና ፍረድ።»

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ ሁለቱን ቅጂዎች ስንኝ በስንኝ አስተያየሁ። ማስረጃ አግኝቼ በሚቀጥለው ገበያ ሰው ፊት ላዋርዳቸው ነበር ሐሳቤ። ያ ግጥም ያለበት ቦታ ስደርስ የእሳቸው ጭብጨባ ሳይደናቀፍ አለፈ። ደገምኩት፤ አለፈ። ከዚያ የእኔን እዚያው ቦታ ላይ ከፈትኩ። ሁለት ጭብጨባ ተደራርቦ መጣ፣ ተደናቀፈ።

ያን ቅጂ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! የሌላ ሰው ቅጂ በምሰማበት ጆሮ ግን አንድም ቀን አልሰማሁትም። ያኔ ትዝ አለኝ። ለሰው ከመስጠቴ በፊት፣ ገና የሠርጉ ሳምንት ሳያልፍ፣ የእንግዳውን ጩኸት እየቆረጥኩ አውጥቼ ነበር። ለጥራት ነው ብዬ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ግን ለጥራት አልነበረም። በእንግዳ ሁሉ ፊት ስለተሳቀብኝ አፍሬ ነበር። ከቆረጥኩ በኋላ ዋናውን አጠፋሁት፤ የቀረውን እየደጋገምኩ ስሰማም እዚያ የሌለው ነገር ጭራሽ ያልተደረገ መሰለኝ። ሦስት ዓመት በየሰው ቤት የፈለግሁትን ድምፅ ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

የቀየቱን ቅጂ ምንም ሳልነካ፣ ከነሳሉ ከነጩኸቱ፣ ለልብስ ሰፊው ገለበጥኩላቸው። ይቅርታውን ከየት እንደምጀምረው አላወቅሁም። ራቤል ድረስ ሄጄ፣ እዚያው ደንበኞቻቸው ፊት እንደምጠይቃቸው ግን ቆርጫለሁ።

ከዚያ የእሳቸውን ቅጂ ገበያ ላይ ካቋረጥኩበት ቀጠልኩ። ሳቁ በረድ ሲል አባቴ እንደገና ተናገረ፤ አሁን ለአዝማሪው ሳይሆን አጠገቡ ለተቀመጡት ነው።

«በሉ ተዉት፣ ይቅዳ። ስናረጅ የምንሰማው እሱ የያዘልንን አይደል?»