የከበሮ መቺው ወንበር

ዛሬ ፍኖተ ሰላም፣ ልምምድ ላይ ሳለን፣ የወንበር እግር የአዳራሹን ሲሚንቶ ሲፍቀው ደነገጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ውዝዋዜ ሳሰለጥን ኖሬ ያ ድምፅ አሁንም ትከሻዬን ያደርቀዋል።

ልጅ ሆኜ ቡሬ ውስጥ አሰልጣኛችን እትዬ ስንዱ ነበረች። ከበሮ መቺውን ጋሽ አለነን ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙራ ታስቀምጣቸው ነበር። እንግዶች በተጋበዙበት አንድ የበዓል ቀን ግን የዝግጅቱ አዘጋጅ «ለእንግዳ ጀርባ አይሰጥም» ብሎ ወደ ተመልካቹ አዞራቸው።

ለብቻዬ እስክስታ ወጣሁ። ገና ስጀምር የከበሮው ምት ጠፋብኝ። ስዘገይ ይፈጥናል፣ ስፈጥን ወደ ኋላ ይቀራል። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የቀሚሴ ጥልፍ አንገቴን አሳከከኝ።

እትዬ ስንዱ መድረኩ ላይ ወጣች። ጋሽ አለነን አስነስታ ወንበራቸውን እየጎተተች ወደ እኔ አዞረችው። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ፍቅታው ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር። አዘጋጁ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ስንዱ፣ ያባርሩሻል» አሏት ጋሽ አለነ ቀስ ብለው።

«ያባርሩኝ። እርስዎ ልጅቷን ይዩዋት።»

ጋሽ አለነ ተቀምጠው ትከሻዬ ላይ አፈጠጡ። «በይ ምሪኝ» አሉኝ። ግራ ገባኝ፤ እስከዚያች ቀን ከበሮውን የምከተለው እኔ ይመስለኝ ነበር። ቀኝ ትከሻዬን ነቅነቅ አደረግሁ። ከበሮው ወዲያው መለሰልኝ።

በማግስቱ ልምምድ ስንሄድ እትዬ ስንዱ አልነበረችም።

ዛሬ ወንበሩን የጎተተው ወጣቱ ከበሮ መቺያችን ነው፤ በበዓሉ እንግዶች ወደሚቀመጡበት ሊዞር።

«እትዬ፣ አዘጋጆቹ ለእንግዳ ጀርባ መስጠት ነውር ነው ብለውኝ እኮ ነው» አለኝ።

«ነውሩ የኔ ይሁን» አልኩና ወንበሩን ራሴ ጎትቼ ወደ ተወዛዋዦቹ አዞርኩት።